ዝም ያላለው ጠቦት

እጆቿ ላይ ያለው ኖራ ሳይደርቅ ሁለት ወታደሮች ግራና ቀኝ ይዘው ቁልቁለቱን አስኬዷት። አንደኛው የምላጮቿን ከረጢት ተሸክሞላታል፤ ሌላው በየአምስት እርምጃው «ፈጠን በይ!» ይላታል።

«ልጄ፣» አለችው በመጨረሻ፣ «የእኔ ጉልበት ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ያንተ ሃያ ቢሞላው ነው። ከቸኮልክ ቀድመኸኝ ሂድና እዚያ ጠብቀኝ።»

ከረጢቱን የያዘው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሱፍ በሚታጠብበት ሠፈር ሲያልፉ ሴቶቹ እጃቸውን ከገንዳው አወጡ። ከመካከላቸው አንዷ ደፈር ብላ፣ «እትዬ ምላጭ፣ በጠዋቱ ወዴት ነው?» ስትል ጠየቀቻት።

«ሠርግ ተጠርቼ! ሚዜዎቼን አታይም?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም። በዚያች ከተማ እትዬ ምላጭ የሚለው ስም የወጣላት በእጇ ስለት ይሁን በምላሷ እስከ ዛሬ ተስማምቶ የሚያወራ የለም። ሥራዋ ብራና መፋቅ ነው፤ ከአባቷ፣ አባቷም ከአባቱ የተማሩት። ባል አግብታ ቀብራለች፤ ልጅ አልወለደችም። ያላት አንድ ታናሽ ወንድም ነው፤ እናታቸው ስትሞት የሦስት ዓመት ሕፃን ስለነበር በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬ ያ ሕፃን ጢም አብቅሎ የከተማው እረኞች አለቃ ሆኗል። ከታሰረ ደግሞ ይኸው አራተኛ ቀኑ ነው።

የታሰረው በመስኩ ጉዳይ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው መስክ ከጥንት ጀምሮ የበግ ሸላቾቹ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የዛሬው ገዢ ከተማዋን ከብቦ ሰባት ወር አስርቧት በሯን ስትከፍትለት፣ የቀድሞ ውሎቿን አከብራለሁ ብሎ በንጉሡ ዳኛ ፊት ምሎ ነበር የገባው። አሁን ግን ሦስት መቶ የጦር ፈረሶች መጡለት፤ ፈረስ ደግሞ ሣር ይበላል። በጎቹን ከመስኩ አስወጣ ሲባል ወንድሟ የፊተኛውን ፈረስ በልጓሙ ይዞ ወደመጣበት መለሰው። ከእነ ፈረሰኛው።

ያስገቧት ወደ ገዢው ጸሐፊ ክፍል ነበር። ጠዋት ሆኖ ሳለ መስኮቶቹ ተዘግተዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኩራዝ ይበራል። ጸሐፊው ወታደሮቹን በዓይኑ አስወጣቸውና በሩን ራሱ ዘጋ። ዕድሜው ከሠላሳ ብዙም አልዘለለም፤ ከንጉሡ ከተማ የመጣ፣ ጣቶቹ ንጹሕ፣ ልብሱ ላይ አንዲት የቀለም ጠብታ የማይታይበት ሰው ነው። ለራሱ የሚበቃ ያህል ብቻ ሳይሆን ለሌላም የሚተርፍ ኩራት ነበረው።

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ስታይ አወቀችው። የመስኩ ውል ነበር። ከግርጌው በቀይ ሰም ላይ አንድ እግሩን አንሥቶ የቆመ ጠቦት ታትሟል፤ የከተማዋ ማኅተም ነው። ብራናውን የፋቀው አያቷ ነበር፤ በየዓመቱ ለሕዝብ ሲነበብ ከሩቅ እንጂ እንዲህ ከቅርብ አይታው አታውቅም።

«ማንበብ ትችያለሽ?» አላት።

«የፋቅሁትን ያህል አላነበብኩም እንጂ፣ እችላለሁ ጌታው።»

«ይቺን መስመር አንብቢልኝ።»

አጎነበሰች። «የወንዝ ማዶው መስክ የሸላቾቹና የልጆቻቸው ነው። በጎቻቸው ያለ ማንም ፈቃድ ይግጡበታል።»

«‹ያለ ማንም› የምትለዋ ትነሣ። በቦታዋ እኔ ‹በገዢው› ብዬ እጽፋለሁ። እኩለ ቀን ላይ የንጉሡ ዳኛ በጉባኤ ፊት ያነብበዋል፤ ነገሩም ያልቃል።»

እትዬ ምላጭ ቀና ብላ አየችው። «ውል የፋቀ ሰው እጁ እንደሚቆረጥ ያውቃሉ ጌታው?»

«ያ የሚሆነው ከታወቀ ነው። እኔና አንቺ ካልተናገርን ከየት ይታወቃል?» ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «ስለ ወንድምሽ እናውራ። ጉባኤው በሰላም ከተበተነ ማታውኑ ቤቱ ይገባል። ካልሆነ ነገ ወደ ድንጋይ መፍለጫው ይሄዳል። ከዚያ የተመለሰ ሰው ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። አንድም ሰው አታውቅም። የብራናውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

«ጌታው፣ ይህ እኮ የጠቦት ቆዳ ነው።»

«ታዲያስ?»

«የጠቦት ቆዳ ፍቀት አይችልም። ይላጣል።»

ጸሐፊው ከት ብሎ ሳቀ። «አሥር ዓመት የጻፍኩት በጥጃ ቆዳ ላይ ነው። ስንቴ ተሳስቼ፣ ስንቴ ፍቄ አርሜያለሁ። ጥጃው የቻለውን ጠቦት አቃተው ልትይኝ ነው?»

«እኔ ነግሬዎታለሁ።»

«ሰምቻለሁ። ጀምሪ።»

እውነቱን ነበር የነገረችው። የጥጃ ቆዳ ወጥ ነው፤ ላዩን ቢፍቁት ታቹም ያው ነው። የበግ ቆዳ ግን፣ የጠቦት ሲሆን ደግሞ ይብሱን፣ ሁለት ሆኖ የተነባበረ ነው። በላይኛውና በታችኛው መካከል ስስ ስብ አለ፤ ኖራው ስቡን ሲበላው ሁለቱ በጭንቅ ተያይዘው ይቀራሉ። ቃል ላጥፋ ብሎ ምላጭ ያሳረፈበት ሰው ላይኛውን ይገሸልጠዋል፤ ቁስሉም አይሽርም። የጥንት ሰዎች የጥጃ ቆዳ ሞልቷቸው ሳለ ውላቸውን በጠቦት ቆዳ ላይ የሚጽፉት ለዚሁ ብለው ነበር። ይህን በዚያች ከተማ ብራና የሚፍቅ ሁሉ ያውቃል፤ ብራና ላይ የሚጽፍ ሁሉ ግን አያውቅም።

ትንሿን ምላጭ መረጠች። እምቢ ብትል ሌላ ሰው ይፈለጋል፣ ወይም ውሉ እሳት ውስጥ ገብቶ ጠፋ ይባላል። ስለዚህ ፋቀች። አያቷ የፋቀውን ቆዳ ነበር የምትፍቀው። ላይኛው ገጽ እንዳለችው በስሱ ተነሣ። በኖራ ዱቄት አለሰለሰችው፣ በመዳፏ አሸችው። ጸሐፊው ብዕሩን ነክሮ «በገዢው» ብሎ ጻፈ፤ ቀለሙ ጠርዝ ጠርዙን ጥቂት ተሰራጨ፤ አሸዋ ነሰነሰበትና ቀጥ አለ። በኩራዙ ብርሃን ሲታይ ከሌላው ጽሕፈት የሚለየው ነገር አልነበረም።

«ይኸው!» አለ ደስ ብሎት። «የታለ መላጡ?»

«በኩራዝ አይታይም» ልትለው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ምላሷን ነክሳ ምላጯን ጠርጋ ከረጢቷ ውስጥ ከተተች።

ከዚያ እስከ እኩለ ቀን ድረስ የሱፍ ገበያው አደባባይ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ከራሷ ጋር ተሟገተች። ዝም ብትል ወንድሟ ማታ ቤቱ ነው፤ እጇም ከእሷ ጋር ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን በጎቹ ይወልዳሉ። መስክ የሌላት በግ ወተት የላትም፤ ወተት የሌላት በግ ግልገሏን ቆማ ከማየት በቀር የምታደርገው ነገር የለም። የከበባውን ዓመት አስታወሰች። ያኔ መስኩ በጦር ተዘግቶ የሞቱት ግልገሎች በጋሪ ተጭነው እሷ ደጃፍ ይራገፉ ነበር። ለብራና ፋቂ የዚያን ያህል ቆዳ በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ነው የሚገኘው። ሦስት ወር ሙሉ እየፋቀች አለቀሰች፤ ያንን ሥራ ደግሜ ከምሠራ እጄ ይቆረጥ ብላ የተናገረችውም በዚያን ጊዜ ነበር። በንዴት የተናገረችው ነገር ዛሬ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

ወንድሟን በሰንሰለት አድርገው ሲያመጡት አጠገቧ አለፈ። ፊቱ ከስቷል።

«እትዬ፣ እንዲህ የጠቆርሽው ምን ሆነሽ ነው?» ሲል ወንድሟ ጠየቃት፤ ጠባቂው ይጎትተዋል።

«ያንተን ነገር ሳስብ ነዋ፣ የኔ ግልገል።»

«የእኔንስ ተይው። የእስር ቤቱ ሾርባ ካንቺ ሾርባ ይሻላል።»

«አፍህን ዝጋ፣ ምናለ በለኝ ሳትጠግበው ትወጣለህ!» አለችው። እንባዋ መጣ፤ ዘወር ብላ በክንዷ ጠረገችው። ያን ጊዜ ልቧ ቆረጠ።

ዳኛው የተቀመጠው በድንኳን ጥላ ሥር ከጠረጴዛ ኋላ ነበር፤ ምራቁን የዋጠ ሽማግሌ ነው፤ ዓይኑ ደክሞ በማጉያ መስታወት ነው የሚያነበው። በቀኙ ገዢው፣ በግራው ጸሐፊው። አደባባዩን የሞሉት ሸላቾች ከሥራ ስለመጡ መቀሶቻቸው መታጠቂያቸው ላይ ነበሩ። ዳኛው ውሉን ሲያነብ ያቺ መስመር ላይ እስኪደርስ ድረስ ጸጥታ ነበር።

«…በጎቻቸው በገዢው ፈቃድ ይግጡበታል።»

አደባባዩ ታመሰ። «እንዲህ አይልም!» «እንዲህ ብሎ አያውቅም!» ይላል ከየአቅጣጫው።

ዳኛው እጁን አነሣ። «ወገኖቼ፣ እኔ የምፈርደው በጩኸት አይደለም። በተጻፈው ነው።»

ጸሐፊው ይህን ጊዜ ነበር የጠበቀው። ተነሥቶ ማኅተሙን በጣቱ አሳየ። «ክቡር ዳኛ፣ ሰዎቹ በራሳቸው ማኅተም ይዳኙ። እዚህ ላይ የሳሉት አንበሳ አይደለም፤ ንስርም አይደለም። ጠቦት ነው። ጠቦት ማለት ምን ማለት ነው? የዋህ ማለት ነው፤ ታዛዥ ማለት ነው። እረኛው ወደ መራው ይሄዳል፤ ሊያርዱት ሲያጋድሙት እንኳን ዝም ይላል። አባቶቻቸው ይህንን ምልክት መርጠው ሲያትሙ ጌታ ያስፈልገናል፣ እኛ ዝም ብለን እንከተላለን ማለታቸው ነበር። ዛሬ ይህ ሁሉ ጩኸት ከየት መጣ?»

«ከጠቦት ነዋ!» አለች እትዬ ምላጭ።

ሰዉ መንገድ ከፈተላት። ወንድሟ «እትዬ!» አለ፤ አልሰማችውም። ወደ ድንኳኑ ስትራመድ ሁለቱ የጠዋት ወታደሮች እንኳን የሚያስቆማት ማን እንደሆነ ተያዩ እንጂ አላስቆሟትም።

«ክቡር ዳኛ፣ ጌታው ጸሐፊ ስለ ጠቦት ያወሩት ጠቦት በሰሐን ቀርቦላቸው ካዩት ተነሥተው ነው። አንድ ቀን በጎቹ ሲወልዱ ከእኛ ጋር ቢውሉ ኖሮ ያውቁት ነበር። ግልገል መሬት በነካበት ሰዓት እግሩ እየተንቀጠቀጠ ይነሣል፤ ተነሥቶም ይጮኻል። ከሺህ በግ መካከል እናቱን በድምፅዋ ለይቶ ያውቃል፤ እሷም በጠረኑ ታውቀዋለች። የእሷ ያልሆነ ልጥባ ቢላት በግንባሯ ገፍታ ታባርረዋለች፤ እሱም የእሱ ያልሆነችውን እናቴ አይልም። እኔ በዕድሜዬ ዝም ያለ ጠቦት ያየሁት ሞቶ የተወለደውን ብቻ ነው። እሱ ወደ እኔ ነው የሚመጣው።» ትንፋሽ ወሰደች። «ያም ቢሆን ዝም አይልም። ያ የያዙት ብራና የጠቦት ቆዳ ነው። ከጥላው ወጣ ይበሉና ፀሐይ ላይ ያንሡት።»

ጸሐፊው «ክቡር ዳኛ፣ ይቺ የታሳሪው እኅት ናት፣ ነገር…» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። ሽማግሌው ተነሥቶ ነበር። በዱላው እየተደገፈ ከድንኳኑ ወጣ፤ ብራናውን በሁለት እጁ ወደ ፀሐይ አነሣው።

ማጉያ መስታወት አላስፈለገውም። ቆዳው ሁሉ በብርሃኑ ወርቃማ ሲሆን በመካከሉ ጣት የምታህል ቦታ ገርጥታ፣ ቆዳዋ ተገልጦ፣ ዙሪያዋ ተቦጭቆ ታየች። አዲሱ ቃል እዚያ ቁስል ላይ ተቀምጧል። ዳኛው ዞር ዞር እያለ ለሕዝቡ አሳየ፤ ከፊት የቆሙት ያዩትን ከኋላ ላሉት እየተቀባበሉ ነገሯቸው።

«ማን ፋቀው?» አለ ዳኛው።

«እኔ።»

ገዢው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«ማን አዘዘሽ?»

«የጻፈው ሰው። ወንድምሽን ድንጋይ መፍለጫ እልከዋለሁ ብሎኝ ነው። ቃሌን ብቻ አይመኑኝ፤ የእጁ ጽሑፍ የሚገኝበት ሌላ ወረቀት ካለዎት ያስተያዩት።»

ዳኛው ነበረው። ጸሐፊው ወደዚህ ጉባኤ የጠራበትን ደብዳቤ ከደረት ኪሱ አወጣና ከብራናው ጎን ያዘው። የ«ገ» እግር በሁለቱም ላይ ወደ ግራ ተቆልምማለች፤ በቀረው ውል ግን የትም ቦታ ቀጥ ያለች ናት። ጸሐፊው ንጹሕ ጣቶቹን ልብሱ ላይ ጠረገ።

«ሕጉን ታውቂያለሽ?» አላት ዳኛው፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«አውቃለሁ።»

«የፋቀውም እጅ ይቆረጣል፣ የጻፈውም እጅ ይቆረጣል።»

እትዬ ምላጭ ቀኝ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች። በኖራ የተበላ፣ ጥፍሩ ያለቀ እጇን ጠረጴዛው ላይ መዳፉን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠች። ፈርታ ነበር፤ ግን ያን ማንም እንዲያይባት አልፈቀደችም።

«እኔ ልጀምር ጌታው? ወይስ እርስዎ ይቀድማሉ?» አለችው ጸሐፊውን።

ጸሐፊው ሁለቱንም እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ብዙዎች ሳቁ፤ ሳቁ ግን ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ገዢው የጦር ሰው ነው፤ ሞኝ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን እጅ አየ፤ ዓይኑን ወደ አደባባዩ መለሰና በየወገቡ የተሻጡትን ሦስት አራት መቶ መቀሶች አየ። ጓንቱን እያጠለቀ ተነሣ።

«ክቡር ዳኛ፣ በመስኩ ላይ ያለኝን ጥያቄ አንሥቻለሁ። ጸሐፊዬ ከእኔ ሳይማከር ላደረገው ራሱ ይጠየቅ።» ይህን ብሎ ፈረሱ ላይ ወጣ። ውሸቱን ሁሉም ሰው አወቀበት፤ እሱም እንዳወቁበት ያውቅ ነበር።

ዳኛው ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ውሉ እንደ ጥንቱ ይጸናል። በመስኩ ምክንያት የታሰረው ይፈታ። የቀረው የእጅ ነገር ነው። የተበደላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ካልማራችሁ ሕጉ ይፈጸማል። የእሷን እጅ ትፈልጋላችሁ?»

የሸላቾቹ አንጋፋ፣ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ፣ ወደፊት ወጣ። «አሳምረን እንፈልጋለን፣ ክቡር ዳኛ። ግን ከነክንዷ፣ ከነሙሉ አካሏ ይሁንልን።»

«የእሱንስ?»

ሽማግሌው ጸሐፊውን ከላይ እስከ ታች አየው። «የእሱን ምን እናደርግበታለን? በግ እንኳን ይዞ የማያውቅ እጅ።»

እንግዲህ ያን ጊዜ አደባባዩ በሳቅና በእልልታ ፈረሰ ማለት ይቻላል። ወንድሟ ሰንሰለቱ እንደወለቀለት እየሮጠ መጣና ያቅፈኛል ስትል ትከሻዋን ይዞ ነቀነቃት።

«አብደሻል እንዴ? ቢቆርጡሽስ ኖሮ?»

«በግራዬ እለምድ ነበር» አለችው። ከዚያ እላዩ ላይ ተደገፈች፤ እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ እሱም አብሯት።

ለማልቀስ ግን ብዙ ጊዜ አልነበራቸውም። አራት ቀን በረት የተዘጋባቸው በጎች ርቧቸው ጩኸታቸው ከከተማው ዳር ይሰማ ነበር። በሮቹ ተከፈቱ። እርጉዞቹ ሆዳቸውን እየጎተቱ መንገዱን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞሉት፤ ወንድሟ ከኋላ፣ እሷ ከፊት ሆነው ወደ ወንዙ ወረዱ። ድልድዩ አፍ ላይ አንድ የገዢው ዘበኛ ጦሩን አጋድሞ ቆሟል። ከጠዋት ጀምሮ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ የሆነውን የነገረው ሰውም የለም።

«ቁሙ! በዚህ በኩል በግ አያልፍም፤» አለ። «ፈቃድ ይዛችኋል?»

እትዬ ምላጭ እጅጌዋ እንደተሰበሰበ ነበር። ጦሩን በዚያው እጇ ይዛ ቀስ ብላ ወደ ጎን ገፋችው።

«አልያዝንም» አለችውና በጎቹን አስከትላ ተሻገረች።